የሰንበት ዳቦ የሚቆረስበት ግቢ

ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ሽማግሌዎች ስለ ጸሎት ቤታቸው ሲያወጉ ነገሩን የሚጀምሩት ከአባ ሰብራ ነው። አባ ሰብራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበሩ መነኩሴ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው ክርስቲያን ሆነው ይህን ሕዝብ ሊያጠምቁ መጡ፤ መጥተው ግን እዚያው ቀሩ፤ የሕዝቡንም ሃይማኖት ያዙ። ደቀ መዝሙራቸው ጸጋ አምላክ ደግሞ የንጉሡ የራሱ ልጅ ነበር ይባላል። ሁለቱም ሆኋራ በሚባል ስፍራ መንነው ተቀመጡ፤ ጸሎቱን፣ የበዓላቱን ሥርዓትና የንጽሕናውን ሕግ ለተከታዮቻቸው አስተማሩ።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ከአባ ሰብራ ጥቂት ቀደም ብለው አፄ ይስሐቅ ወግረንና ደምቢያን ወግተው አልጠመቅም ያለውን ሰው ከአባቱ ርስት ነቅለውታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አፄ ሠርፀ ድንግል ሰሜን ተራራ ላይ የነበረውን የቤተ እስራኤል መሪ ራዳይን ድል አደረጉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አፄ ሱስንዮስ ከሌላው መሪያቸው ከጌዴዎን ጋር ለዓመታት ተዋግተው የሰሜኑን አምባ ሰበሩ። ከዚያ በኋላ ለቤተ እስራኤል ርስት የለም፣ አምባ የለም፣ በራሱ ስም የሚዘምት ሠራዊት የለም። የተረፈው የጸሎት ቤቱና ግቢው ነው። ሕዝቡ ከ300 ዓመታት በላይ ሕዝብ ሆኖ የቆየው በዚያ ግቢ ውስጥ እየተሰበሰበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ታሪክ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

ቤቱን "መስጊድ" ይሉታል፤ "ጸሎት ቤት" የሚሉትም አሉ። ዛሬ ቃሉን የሰማ ሰው ሐሳቡ ቀጥታ ወደ እስልምና ይሄዳል፤ ሥሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ "ሰገደ" ነው። መስጊድ ማለት የሚሰገድበት ቤት ነው። የትልቁ በዓላቸው ስም "ስግድ"ም ከዚያው ግንድ የወጣ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ከተማዋ ግንበኛ፣ አናጢና ብረት ቀጥቃጭ ፈለገች። ርስት የሌለው ቤተ እስራኤል እጁ ላይ ሙያ ነበረውና መጣ። የግንቡን ድንጋይ ጠረበ፣ ጣራውን አዋቀረ፣ ማረሻውንና ጦሩን ቀጠቀጠ። ከነገሥታቱ ዘንድ ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩ። የጎንደር ነገሥታት ኃይል ሲደክም ግን ግንብ የሚያስገነባ ጠፋ፤ ባለሙያውም "ጠይብ"፣ "ባለ እጅ"፣ ከዚያም አልፎ "ቡዳ" እየተባለ መንደር ለይቶ ተቀመጠ። ወንዱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል ወይም የሰው መሬት በእርቦ ያርሳል፤ ሴቷ ገንቦ፣ ምጣድና ድስት ትሠራለች። ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። ጎረቤቱ ክርስቲያን ይህን አይቶ ሃይማኖታቸውን "አትንኩኝ" አለው። አንዱ ሌላውን ፈራ፤ ሆኖም ማረሻው ያለ ገበሬው አይሸጥም፣ ገበሬውም ያለ ማረሻው አያርስም።

በዚያ ዘመን መንደራቸው ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ነው። መሐል ላይ መስጊዱ ይቆማል፤ ክብ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ሣር የተከደነ ቤት። ጉልላቱ ላይ ገንቦ ይደፋበታል። ከሩቅ ላየው ከገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚለየው መስቀል ስለሌለው ብቻ ነው። ውስጡ ኦሪቱ የሚቀመጥበት ቅድስት አለ፤ ቄሶችና ደብተሮች በግዕዝ እየተቀባበሉ ይጸልያሉ፤ ነጋሪትና ቃጭል ይመታል። ኦሪቱ እንደ ሌላው ዓለም አይሁድ የሚጠቀለል ሳይሆን የሚገለጥ የብራና መጽሐፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የጻፈው ክርስቲያን ጸሐፊ ነው። ቤተ እስራኤል መጽሐፉን ከገዛ በኋላ በሥላሴ ስም የተጻፈውን መክፈቻ ፍቆ ያወጣዋል፤ የተፋቀው ስፍራ ዛሬም በአንዳንዱ ብራና ላይ ይታያል።

ከቤቱ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግቢው ነው። ዓርብ ከቀትር ጀምሮ መንደሩ ይጣደፋል። ድፎ ዳቦው ከላይም ከታችም እሳት ነዶለት ይበስላል፤ የነገው ወጥ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ውኃው ተቀድቶ ይሞላል። ወንዱም ሴቱም ወንዝ ወርዶ ገላውን ታጥቦ ነጭ ይለብሳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በየጎጆው የምድጃው እሳት ይጠፋል። ከዚያች ሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት እሳት የሚጭር፣ ወንዝ የሚሻገር የለም። ሰንበት ለእነርሱ ቀን ብቻ አይደለችም፤ "ትእዛዘ ሰንበት" በተባለው መጽሐፋቸው ሰማያዊት ንግሥት ናት፤ ስላከበሯት ሰዎች በፈጣሪ ፊት ቆማ ትማልዳለች። የቀዘቀዘ ምግብ የሚበላው፣ በጨለማ የሚታደረው ለእርሷ ክብር ነው።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ እናቶች ዳቦውን በሰፌድና በመሶብ ይዘው ግቢው ይገባሉ። ቄሱ ይባርኩታል፤ ይቆርሱታል፤ ቁራሹ ከሽማግሌው ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ይዞራል። ጠላው ይከተላል። ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳምንቱን ያወጋል፦ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን በሬ ገደል ገባ፣ የማን ልጅ ለአቅመ አዳም ደረሰ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ካሉ ሽማግሌዎቹ ሳያስታርቁ አይለያዩም። እያንዳንዱ ሰው የነፍስ አባት አለው፤ ኃጢአቱን የሚናዘዘው፣ አሥራቱንና የእህሉን በኩራት የሚሰጠው ለዚያ ቄስ ነው። ቄሱም ራሳቸው እንደማንኛውም ሰው አራሽ ወይም ቀጥቃጭ ናቸው፤ ሰንበት ሲወጣ ወደ ወናፋቸው ይመለሳሉ።

ልደትም ሞትም በዚያ ግቢ ያልፋል። የወለደች ሴት ከመንደሩ ዳር ባለ ጎጆ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትቀመጣለች። ቀኑ ሲሞላ "አርድእት" የተባለው መጽሐፍ ተነቦላት፣ ሕፃኑንም ራሷንም አንጽታ በእልልታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሙሽራው ሲዳር ቄሱ ነጭና ቀይ የተቀባ ክር፣ "ቀሸራ" የሚሉትን፣ ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ አንሥተው ግንባሩ ላይ ያስሩለታል። የሞተውን ሰው ገንዞ የቀበረ ሰባት ቀን ከመንደሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ተዝካሩም በጸሎትና በድግስ ይወጣል። በፋሲካ ዋዜማ ማታ በጉ የሚታረደው እዚያው የመስጊዱ ግቢ ነው፤ ሰውም ከቂጣ ጋር በጥድፊያ ይበላዋል። ለዚያ በዓል ሴቶች የከረመውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠራሉ፤ እርሾ የነካው ምጣድ ቂጣ አይጋገርበትምና። ዓመቱን ሙሉ ለገበያ ሲሠሩ የከረሙ እጆች በዚያ ሳምንት ለራሳቸው ቤት ይሠራሉ።

ሴቶች ወደ ቅድስቱ አይገቡም፤ ብዙዎቹ ጸሎቱን የሚሰሙት ከግቢው ሆነው ነው። ግን ዳቦው የእነርሱ ነው፣ ጠላው የእነርሱ ነው፣ ጨው የሚገዛው የገንቦው ዋጋም የእነርሱ ነው። የመስጊዱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ቄሶቹ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ እነዚህ እናቶች የጻፉት ጥቂት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ከመንደሩ ግቢ ወጥቶ ሕዝቡን ሁሉ አንድ የሚያደርገው ግን ስግድ ነው። ከአስተሥርዮ ጾም 50ኛው ቀን ላይ ይውላል። የሩቅ መንደር ሰው ቀናት ተጉዞ ይመጣል፤ ያደረበት ቤት ዘመዱ ይሆናል። በማለዳ ሁሉም ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል። ከፊት ቄሶቹ ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን በጌጠኛ ጨርቅ ሸፍነው ይሄዳሉ። ተራራው ላይ የሲና ሕግ አሰጣጥ ይነበባል፤ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት እንዴት ኪዳናቸውን እንዳደሱ ከመጽሐፈ ነህምያ ይነበባል፤ ቄሶቹ በግዕዝ ያነበቡትን ለሕዝቡ በቋንቋው ይተረጉሙለታል። ሰው ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይሰግዳል፣ ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ኦሪቱ በዝማሬና በዕልልታ ወደ መስጊዱ ይወርዳል፤ ጾሙ በዳቦና በጠላ ይፈታል፤ ወጣቱ እስክስታውን ይመታል። ቄሶቹ ደግሞ አንድ ጥግ ይዘው ከመንደር መንደር ያለውን ችግር ይመክሩበታል። ስልክም ጋዜጣም በሌለበት አገር የሕዝቡ ጉባኤ ይኸው ነበር።

ይህ ሥርዓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጽኑ ተፈተነ። በ1852 ዓ.ም. ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለ፣ ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰባኪ ለአይሁድ ወንጌል ከሚሰብክ የለንደን ማኅበር ተልኮ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ የተጠመቀው ሰው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አባል እንዲሆን አዘው ፈቀዱለት። ሰባኪዎቹ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ያድሉ ነበር። መጽሐፉን የወሰደ ወጣት ቄሱን በጥቅስ ይሞግት ጀመር፤ ከኢየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት መሠዋት የት ተጽፏል እያለ ይጠይቃል። ኋላ መሥዋዕቱ ቀስ በቀስ ቀርቶ የፋሲካው በግ ብቻ እስኪተርፍ ድረስ ጥያቄው አልሞተም። በየቤቱ ወንድም ከወንድሙ ተለየ፤ የተጠመቀው ከሰንበት ዳቦው አይቆርስም።

በ1854 ዓ.ም. አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ብለው ተነሡ። ብዙ ሺህ ሰው ቤቱንና እርሻውን ጥሎ እየዘመረ ተከተላቸው። ኢየሩሳሌም በእግር ሊሄዱ ነበር፤ ባሕሩ ለአባቶቻቸው እንደተከፈለ ለእነርሱም እንዲከፈል ይጠብቁ ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው። የተረፈው ግማሹ እዚያው ቀረ፣ ግማሹ ተመለሰ። የተመለሰው ባዶ ጎጆ ጠበቀው።

ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት በ1860 ዓ.ም. ሌላ ነጭ መጣ። ዮሴፍ ሃሌቪ ይባላል፤ በፓሪስ የሚገኝ የአይሁድ ማኅበር የላከው ምሁር ነው። ቤተ እስራኤል ከሰባኪዎቹ አንዱ መስሏቸው ሸሹት። እኔም እንደ እናንተ ነኝ ቢላቸው አላመኑትም፤ በዓለም ላይ ከእነርሱ በቀር የኦሪት ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር፤ ነጭ ሆኖማ ጭራሽ። ልባቸው የተከፈተው የኢየሩሳሌምን ስም ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ ከበቡት፤ ጽዮንን አይቷት እንደሆነ፣ ቤተ መቅደሱ ቆሞ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። ይህን ወግ ባነበብኩት ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቃል፤ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ 1,800 ዓመት ገደማ ሆኖት እነርሱ ገና ደኅንነቱን ይጠይቃሉ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ አንበጣው እህሉን በላ፣ ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። ከቤተ እስራኤል ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው እንዳለቀ ይገመታል። ብዙ መንደር ጠፋ፤ ምንኩስናውም ከዚያ በኋላ አላገገመም። አባ ሰብራ የጀመሩት መስመር ሲመነምን ሸክሙ ሁሉ ባለትዳር በሆኑት የመንደር ቄሶች ላይ ወደቀ።

በ1896 ዓ.ም. የሃሌቪ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች ደረሰ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ሕዝብ ሰጠ። ገና በመጀመሪያው ጉዞው ታምራት አማኑኤልና ጌቴ ኤርምያስ የተባሉ ልጆችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ልጆችን። በ1916 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ታምራትም መሩት። በመስጊዱ ግቢ ላይ የዓለም አይሁድ ልማድ መግባት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው፦ በጉልላቱ ላይ በገንቦው ፋንታ የዳዊት ኮከብ፣ በሰንበት ዋዜማ ሻማ፣ በጸሎቱ መሐል የዕብራይስጥ ቃል። ሻማው ቀላል ነገር አልነበረም። ለዘመናት እሳቱን አጥፍቶ ሰንበትን በጨለማ የተቀበለ ሰው አሁን ለእርሷ ክብር እሳት አብራ ተባለ። አንዳንዱ ቄስ ተቀበለ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ፤ እምቢ ያሉትን ሳስብ ልቤ ከእነርሱ ጋር ይሆናል።

የጣሊያን ወረራ ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ ታምራትም ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ በ1946 ዓ.ም. የአይሁድ ወኪል ድርጅት አስመራ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1947 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 12 ልጆች ከፋር ባትያ ወደተባለ የእስራኤል የወጣቶች መንደር ተላኩ፤ በዓመቱ 15 ተጨመሩ። አብዛኞቹ ተመልሰው የመንደር አስተማሪ ሆኑ። ከኋላ ሆነው ይህን ሁሉ የሚያያይዙት የወለቃው ተወላጅ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ የተማሩት አቶ ዮና ቦጋለ ነበሩ፤ የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ በአማርኛ እያዘጋጁ በየመንደሩ የሚያሠራጩትም እርሳቸው ናቸው። አምቦበር ትምህርት ቤትም መስጊድም ያለባት ዋና መንደር ሆነች፤ የስግዱ ሕዝብ የሚሰበሰበውም ወደዚያ ሆነ። የሣር ክዳኑ በየቦታው በቆርቆሮ እየተተካ መጣ። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ አባቶቹ ሰምተውት የማያውቁትን የሐኑካ በዓል ለአያቱ ያስረዳል። ቄሱ ጥግ ተቀምጠው ይሰማሉ።

1967 ዓ.ም. ሁለት ነገር አመጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ለዘመናት ርስት ያልነበረው ሰው መሬት ደረሰው። በዚያው ዓመት የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤልን አይሁድ ወደ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው "የመመለስ ሕግ" ውስጥ ተቀበለ፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዋናው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበርና። መሬቱን ግን በሰላም ማረስ አልተቻለም። የቀድሞ ባለመሬት ቂም ያዘ፤ ኢዲዩ የተባለው ታጣቂ ድርጅት ከወታደራዊው መንግሥት ከደርግ ጋር በጎንደር ገጠር ሲዋጋ መንደሮቹ መሐል ተያዙ። ቀጥሎ የጎንደር አስተዳዳሪ በነበረው በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን ዕብራይስጥ ማስተማር ተከለከለ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አስተማሪዎችና ቄሶች ታሰሩ።

ያን ጊዜ ሰው በሌሊት መውጣት ጀመረ። ፈረደ አክሉም የተባለ አስተማሪ ሱዳን ገብቶ መንገዱን ካሳየ በኋላ መንደር በመንደሩ ተነቅሎ ተከተለ። ዓርብ ማታ መስጊዱ ግቢ አብሮህ የተቀመጠ ጎረቤት በሚቀጥለው ሰንበት የለም፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ሁሉም ያውቃልና። ቄሱ ኦሪቱን በሸማ ጠቅልሎ የተሸከመ መንደር ነበር። በገዳሪፍ አካባቢ፣ በኡም ረኩባና በሌሎች የስደተኞች ጣቢያዎች ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። ድምፅ አውጥቶ መጸለይ አይቻልም፤ ነጋሪት የለም፤ ሰባት ቀን ተለይቶ ሙታንን ማክበር አይቻልም፤ ሙታኑ በየቀኑ ናቸውና። በመንገድና በጣቢያ 4,000 ያህል ሰው አለቀ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በ"ሙሴ ዘመቻ" 7,000 የሚሆኑት በምስጢር በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወሬው ሲወጣ በረራው ቆመ። እናት ደርሳ ልጅ የቀረበት፣ ልጅ ደርሶ አባት የቀረበት ቤት ስፍር ቁጥር የለውም።

በ1982 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን ሲያድሱ የቀረው ሰው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወረደ። በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ከረመ። ክሊኒክ ተከፈተለት፣ ለልጆቹ ትምህርት ተጀመረ፣ ለቤተሰቡ ድጎማ ተሰጠው። ስም የሚመዘገበውም፣ ዘመድ የሚገናኘውም፣ መርዶ የሚነገረውም በኤምባሲው ግቢ ሆነ። ገበሬ ነበርና ከተማው ጨነቀው፤ ቢሆንም ሽማግሌው እዚያም ሽማግሌ፣ ቄሱም እዚያም ቄስ ነበሩ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ዋለ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ ሦስት ቀን ሆኗል፤ ኢሕአዴግ ከተማዋን ሊይዝ ተቃርቧል። በየግንባራቸው ቁጥር የተለጠፈባቸው ቤተሰቦች በአውቶቡስ ወደ ቦሌ ተጓዙ። መቀመጫቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች እየተመላለሱ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወሰዱ፤ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ነበረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ገባች፤ በረራው አልቆመም። ነፍስ ለማዳን ሰንበትን ማለፍ ይፈቀዳል ይላል የረቢዎች ሕግ። በዚያ ሌሊት በሰንበት ወንዝ ተሻግሮ የማያውቅ ሽማግሌ ነጭ ለብሶ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ባሕር ተሻገረ። አባ ማሃሪ ይከፈላል ብለው የጠበቁት ባሕር ነው።

በሱዳን በኩል ቀድመው እስራኤል የገቡትን መጀመሪያ የጠበቃቸው ደስታ ብቻ አልነበረም። የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት የአይሁድነታችሁ ማረጋገጫ እንዲሆን በውኃ መንጻት አለባችሁ አላቸው። ደም ተከፍሎበት የተጠበቀ ሃይማኖት እንደገና ማረጋገጫ ሲጠየቅበት ያማል። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዋናው ረቢ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ኢየሩሳሌም ላይ ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቹ ማጋባትና ማፋታት አትችሉም ተብለው ነበር፤ ለክብራቸው ረዥም ትግል አድርገው ቀስ በቀስ ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አዳዲስ ቄሶችም የሚሾሙበት ደረጃ ደረሱ። በአንዳንድ ከተሞች መስጊድ ተሠራ። ክብ አይደለም፣ ሣርም አይከደንም፤ ግን ግዕዙ ይሰማል፣ ቅዳሜ ዳቦው ይቆረሳል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይጣላል፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሰው በአውቶቡስ ይጎርፋል፤ በሥራ ቀን እንኳ ቢሆን መቅረት ነውር ነው።

ሰኔ 2000 ዓ.ም. ላይ የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ። በየዓመቱ ቄሶቹ ባለ ጌጥ ጥላቸውን አስይዘው ኢየሩሳሌም ውስጥ አርሞን ሃናጺቭ ከተባለው ከፍታ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ላይ ሆኖ የአሮጌዋ ከተማ ቅጥርና የቤተ መቅደሱ ስፍራ ፊት ለፊት ይታያል። ለሃሌቪ ጥያቄ ያቀረቡት ሰዎች የልጅ ልጆች አሁን በዓይናቸው ያዩታል። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ በግዕዝ ያለቅሳል፤ የልጅ ልጁ በዕብራይስጥ ከጓደኞቹ ጋር ያወጋል። ከሰዓት በኋላ ዳቦው ሲመጣ ግን ሁለቱም እጃቸውን ይዘረጋሉ።

የጎንደሩ ግቢ ግን ባዶ አልቀረም። አያቶቻቸው በስተርን ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተጠመቁባቸው ቤተሰቦች በ1983ቱ በረራ አልተካተቱም ነበር። ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት ተመልሰው ከመንደራቸው ወጥተው አዲስ አበባና ጎንደር ላይ መጠበቅ ጀመሩ። የተወሰኑት በየጊዜው ሄዱ፤ በ2008 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት 9,000 ያህሉን ለመውሰድ ወሰነ፤ በ2013 ዓ.ም. 2,000 የሚሆኑት ተጓዙ። ብዙዎች አሁንም አሉ። ወላጆቹ እዚህ፣ ልጆቹ እዚያ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው።

ጎንደር ላይ የሠሩት ምኩራብ በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ነጠላ ያጣፉት ሴቶች በሌላው ይቀመጣሉ። እዚህ የሚጸለየው በዕብራይስጥ ነው፤ ኦሪቱም የሚጠቀለለው ነው። ግዕዙ ከቄሶቹ ጋር ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በፋንታው ዕብራይስጡ ጎንደር መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለችው ወለቃ መስጊዷን ይዛ ቆማለች፤ ጸሎት የለባትም፤ ጎብኚ እየገባ ያያታል፤ መንገድ ዳር የሸክላ ምስል ይሸጣል።

ፋሲካ ሲቃረብ በጎንደሩ ግቢ እሳት ይነዳል። ዱቄቱ ውኃ ከነካው ጀምሮ 18 ደቂቃ ሳይሞላ ቂጣው መብሰል አለበት፤ ይህ የረቢዎቹ ሕግ ነው፤ አያቶቻቸው በሰዓት አይቆጥሩትም ነበር። አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ ትዳምጣለች፣ አንዱ ወደ እሳቱ ይሮጣል። በዓሉ ማታ ላይ አዳራሹ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ ግቢው ድረስ ይቀመጣል። ከፊት የተባረከው ቂጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረሰ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በአጥሩ ሥር እስከቆሙት ድረስ።